እሾሃሞቹ ጥንታዊ ዓሦች ከየትኛው ወገን ናቸው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ ከምድር ስለጠፉት፣ «አካንቶዲያን» ስለሚባሉት እሾሃም ዓሦች የቀረቡ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ አካንቶዲያን ሳነብ ሦስት የማይጣጣሙ አስተያየቶች ገጥመውኛል። አንዱ መጽሐፍ ራሳቸውን የቻሉ አንድ የዓሣ መደብ ናቸው ይላል። ሌላው የአጥንታም ዓሦች የቅርብ ዘመዶች ያደርጋቸዋል። በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ ደግሞ ወደ ሻርክ ወገን ወስዷቸው፣ መደቡ እንደ መደብ ሊቆም አይችልም ይላል። ለተማሪዎቼ የትኛውን ላስተምር? (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሦስቱም አስተያየቶች በየጊዜያቸው ማስረጃ ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ሚዛኑ ወደ ሦስተኛው አጋድሏል። እሾሃሞቹ ዓሦች ወደ ሻርኮች በሚወስደው የዘር ሐረግ ላይ የሚገኙ፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አንድ የተለየ ቤተሰብ የማይሆኑ ጥንታዊ ዓሦች እንደሆኑ ቢያስተምሩ ከአሁኑ ዕውቀት ጋር ይስማማሉ። ወደዚህ ሐሳብ የተደረሰበት መንገድ ለክፍል ውስጥ ውይይት ከሐሳቡ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን መልሱን አስረዝመዋለሁ።

አካንቶዲያን መንጋጋ ካላቸው ባለ አከርካሪ እንስሳት መካከል ቀደምት ከሚባሉት ናቸው። ከ440 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ በሲሉሪያን ዘመን መጀመሪያ ብቅ ብለው፣ በዴቮኒያን ዘመን በባሕርም በሐይቅና በወንዝም ተስፋፍተው፣ በፐርሚያን ዘመን ጠፍተዋል። ብዙዎቹ ከአንድ ስንዝር የማይበልጡ ነበሩ፤ ጋይራካንቲድ የሚባሉት ግን ከአንድ ሜትር በላይ ያድጉ ነበር። ከጅራታቸው ክንፍ በስተቀር በእያንዳንዱ ክንፍ ፊት አንድ ጠንካራ እሾህ ነበራቸው። በዝዋይ ወይም በጣና ሐይቅ ቆሮሶ የሚያጠምድ ሰው የዓሣ እሾህ እጅን እንዴት እንደሚወጋ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ የቆሮሶን የጀርባ ክንፍ የሚሸከሙት በተርታ የቆሙ በርካታ ቀጫጭን እሾሆች ሲሆኑ፣ የአካንቶዲያን ክንፍ ግን ከፊቱ ካለው ከአንድ ወፍራም እሾህ ጀርባ የተዘረጋ ነበር። ክላይማቲየስን በመሳሰሉት ላይ ደግሞ ከደረት ክንፎች እስከ ኋለኞቹ የሆድ ክንፎች ድረስ፣ ምንም ክንፍ የማይሸከሙ ተጨማሪ እሾሆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሆድ ሥር ተሰልፈው ይታያሉ።

ሳይንስ ከእነዚህ ዓሦች ጋር በሚገባ የተዋወቀው በአብዛኛው በስኮትላንድ ነው። በ1802 በክሮማርቲ የተወለደው ድንጋይ ጠራቢ ሂው ሚለር በባሕሩ ዳርቻ የሚያገኛቸውን ድቡልቡል የኖራ ድንጋዮች በመዶሻ እየፈለጠ በውስጣቸው የተጨፈለቁ ዓሦችን ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ድንጋይ ሲመታ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በዓሣው በኩል ነው፤ ስለዚህ አንዱ ግማሽ አካሉን፣ ሌላው ግማሽ የአካሉን አሻራ ይዞ ይቀራል። ሁለቱ ግማሾች መለያየት የለባቸውም፤ በአንዱ ላይ የተላጠ ቅርፊት ወይም የተሰበረ እሾህ በሌላኛው ላይ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላልና። ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ከስኮትላንድም ከጀርመንም የተሰበሰቡትን ናሙናዎች መርምሮ አካንቶደስ፣ ዲፕላካንተስ፣ ክላይማቲየስ የሚሉትንና ሌሎችንም የወገን ስሞች አወጣ። በ1846 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ሁሉንም በአንድ የጋራ ስም ሰበሰባቸው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት በውስጣቸው ዋና ዋና ክፍሎችን ለዩ፤ እነዚህም እሾሃቸው የበዛውና የሰፋው ክላይማቲየስን የሚመስሉት፣ ጥርሳቸው ከመንጋጋቸው አጥንት ጋር የተዋሐደው ኢስክናካንተስን የሚመስሉት፣ እንዲሁም ጥርስ የሌላቸውና አንድ የጀርባ ክንፍ ብቻ የቀራቸው አካንቶደስን የሚመስሉት ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓሣ አንድ ያደረገው በዋናነት እሾሁና ጥቃቅኑ ቅርፊት መሆኑን ልብ ይበሉ። አንድ ባሕርይ አንድን ቤተሰብ ለይቶ የሚያሳውቀው ያ ባሕርይ በዚያ ቤተሰብ የጋራ አያት ላይ አዲስ የተገኘ ሲሆን ነው። ባሕርዩ ከዚያ በፊት ከነበሩ የሩቅ አያቶች የተወረሰ ከሆነ ግን የያዙትን ሁሉ የቅርብ ዘመዶች አያደርጋቸውም፤ ያልጣሉት መሆናቸውን ብቻ ይነግረናል። የእሾሁ ጉዳይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚቻለው በሌላ የአካል ክፍል በመመርመር ነው፤ ከሁሉም የተሻለው ደግሞ አንጎል ያረፈበት የራስ ቅል ነው። በዚያ ውስጥ የነርቮችና የደም ሥሮች ቀዳዳዎች፣ የጆሮ ክፍሎች፣ የመንጋጋ ማያያዣዎች ሁሉ ስለሚገኙ ዝምድናን የሚመሰክር ዝርዝር በብዛት ይገኝበታል።

ችግሩ ይህ ክፍል በእነዚህ ዓሦች ላይ በአብዛኛው ከልም አጥንት የተሠራ መሆኑ ነው። ልም አጥንት ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ለረጅም ጊዜ የራስ ቅሉ ውስጠኛ ክፍል በዝርዝር የታወቀው የአንድ ዝርያ ብቻ ነበር፤ እርሱም በጀርመን ሳርላንድ፣ በሌባህ አካባቢ በሚገኙ ብረት አዘል ድቡልቡል ድንጋዮች ውስጥ የተቀበረው አካንቶደስ ብሮኒ ነው። የዚህ ዓሣ ልም አጥንት ላዩን በስስ አጥንት የተሸፈነ ስለነበረ ቅርጹ ሳይጠፋ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ዋትሰን በ1937 በዚሁ ዝርያና በሌሎችም ላይ ተመሥርቶ አካንቶዲያንን ጋሻ ለበስ ከሆኑት ጥንታዊ ዓሦች ጋር በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ አስገባቸው። ሮጀር ማይልስ ደግሞ በ1973 የራስ ቅሉን እንደገና መርምሮ አጥንታም ዓሦችን ይቀርባል ሲል ደመደመ። እርስዎ በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ያነበቡት አስተያየት መነሻው ይህ ነው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሊጤን ይገባል የምለው አንድ ነጥብ አለ። አካንቶደስ ብሮኒ የኖረው በፐርሚያን ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ እሾሃም ዓሦች ከታዩ ከ140 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ጥርሱን የጣለ፣ እሾሆቹ የቀነሱ፣ አኗኗሩም የተለየ ዘግይቶ የመጣ ዓሣ ነበር። የመላው ክፍል ዝምድና ለአሥርተ ዓመታት የተፈረደው በዚህ በመጨረሻው ምስክር ቃል ነው።

ሌላ ምስክር የተገኘው በ2009 ነው። ማርቲን ብራዞ በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድሺር ከወጣው፣ የዴቮኒያን ዘመን መጀመሪያ ከሆነው ፕቶማካንተስ ላይ የራስ ቅሉን ሥር ገልጾ ሲያቀርብ ቅርጹ ከአካንቶደስ ጋር አልገጠመም፤ አጭር ሆኖ የጥንት ሻርኮችንና ጋሻ ለበሶቹን ዓሦች የሚያስታውስ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት አካንቶዲያን አንድ ላይ መቆም አልቻሉም፤ ገሚሶቹ ወደ ሻርኮች፣ ሌሎቹ ወደ አጥንታሞች፣ ሌሎቹም ሁለቱ ከመለያየታቸው በፊት ወደነበረው ግንድ ተበታተኑ። በ2012 ሳሙኤል ዴቪስ፣ ጆን ፊናሬሊና ማይክል ኮትስ የአካንቶደስን የራስ ቅል እንደገና ሲመረምሩ እርሱም ቢሆን ከተገመተው በላይ ሻርክ መሰል ሆኖ አገኙት። ይሁን እንጂ የዘር ሐረግ ስሌታቸው አካንቶደስን በዚያው በአጥንታሞቹ በኩል አስቀመጠው፤ ሻርክ መሰሉ ቅርጽ የሁለቱም ወገኖች የጋራ አያት ቅርጽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013፣ ዡ ሚንና ባልደረቦቹ በቻይና ዩናን ግዛት ከ419 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ኤንቴሎግናተስ የተባለ ጋሻ ለበስ ዓሣ ይፋ አደረጉ። ሰውነቱ የጋሻ ለበስ ሆኖ የመንጋጋው ጠርዝ አጥንቶች ግን እንደ አጥንታም ዓሦች ነበሩ። ከዚህ የተነሣ ትልልቅ የፊት አጥንቶች ከሁሉም መንጋጋ ካላቸው እንስሳት አያት የተወረሱ ጥንታዊ ነገሮች እንደሆኑ፣ ሻርኮችም እነዚህን አጥንቶች በኋላ እንደጣሉ ማሰብ ተቻለ። በዚህ ስሌት አካንቶዲያን በሙሉ ወደ ሻርኮች በሚወስደው መስመር ላይ ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ አብዛኞቹ ጥናቶችም በዚሁ ጸንተዋል።

ጉዳዩን በዓይን ከሚያሳዩት ቅሪተ አካላት ዋናው በካናዳ ኒው ብረንስዊክ የተገኘው፣ 409 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ዶሊዮደስ ነው። ይህ ዓሣ ከ1892 ጀምሮ በጥርሶቹ ብቻ የሚታወቅ ስለነበረ ያለ ብዙ ክርክር ከሻርክ ወገን ይቆጠር ነበር። በ2003 አካሉ ተያይዞ የተገኘ ናሙና ሲቀርብ ግን በደረት ክንፎቹ ፊት እሾሆች ቆመው ታዩ፤ በ2017 የወጣው የሲቲ ስካን ጥናትም ተጨማሪ እሾሆችን ገለጠ። በአንድ አካል ላይ የሻርክ ጥርስና የአካንቶዲያን እሾህ ተገናኙ ማለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ በ2009 ከዩናን የቀረበው ጉዪዩ የተባለው ጥንታዊ አጥንታም ዓሣም በክንፎቹ ፊት እሾሆች አሉት። በሁለቱም ወገኖች ላይ የሚገኝ እሾህ አንድን መደብ ለብቻው ሊያቆም እንደማይችል ከእነዚህ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ስለዚህ «አካንቶዲያን» የሚለውን ስም ለአጠቃላይ መጠሪያነት ቢጠቀሙበት ጥፋት የለውም፤ ተመራማሪዎቹም ይጠቀሙበታል። በሰሌዳ ላይ ግን ከሻርኮችና ከአጥንታም ዓሦች ጎን ሦስተኛ እኩል ቅርንጫፍ አድርገው እንዳይሥሏቸው እመክራለሁ። ወደ ሻርኮች በሚወጣው ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዱ ቀደም ሌላው ዘግየት ብሎ የሚገነጠሉ በርካታ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አድርገው ቢሥሏቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት ዓሦች በሚነገሩ ዜናዎች ላይ ብዙ ጊዜ የተገኘው ቅርፊት ወይም የእሾህ ስብርባሪ ብቻ እንደሆነ አነባለሁ። ከአሸዋ ቅንጣት ከማይበልጥ ነገር ተነሥቶ ለአንድ ዓሣ ስም ማውጣት እንዴት ይቻላል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሆኖም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ባለሙያው የኖራ ድንጋዩን በቀጭኑ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው ይኸው አሲድ ኖራውን ቀስ በቀስ ሲያሟሟው፣ ከፎስፌት የተሠሩት ቅርፊቶችና ጥርሶች ሳይሟሙ ከሥር ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ ታጥቦ በወንፊት ከተነፋ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር እየታየ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቀማል። የአካንቶዲያን ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከላይ ጠፍጣፋና ባለ አራት ማዕዘን አናት፣ መሐሉ ላይ ጠበብ ያለ አንገት፣ ከሥር ደግሞ ወደ ታች ያበጠ መሠረት አለው። አናቱ ልሙጥ ወይም ባለ መስመር ሊሆን ይችላል፤ መስመሮቹም እንደየዝርያው ይለያያሉ።

ከላይ የሚታየው ቅርጽ ብቻውን ግን አይበቃም። ቅርፊቱ ተፈግፍጎ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ገጽ ሲሆን በውስጡ የዕድገት ንብርብሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ አዲስ ንብርብር የቀድሞውን አናት በሙሉ ሸፍኖት ያድጋል። እነዚህ ዓሦች ሲያድጉ ያንኑ ቅርፊት ስለሚያተልቁት፣ በአንድ የጎልማሳ ዓሣ ቅርፊት እምብርት ላይ ዓሣው ትንሽ ሳለ የነበረው ቅርፊት እንዳለ ተቀምጦ ይገኛል። በንብርብሮቹ ውስጥ የሚያልፉት ቦዮችና የተሠሩበት ነገር ከወገን ወገን ይለያሉ። በባልቲክ አካባቢ በሲሉሪያን ድንጋዮች ላይ ይህን ዓይነቱን ምርመራ ቀድሞ ያካሄደው ክርስቲያን ፓንደር ሲሆን፣ ኖስቶሌፒስ የተባለውን ወገን በ1856 የሰየመውም ከእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ቅሪቶች ተነሥቶ ነው።

አደጋው በአንድ ዓሣ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የራስ፣ የሆድና የጅራት ቅርፊቶች ተለያይተው ቢገኙ የሦስት ዝርያዎች ሊመስሉ ይችላሉ። ዕድሜም የራሱን ልዩነት ያመጣል፤ የአካንቶደስ ጫጩቶች ቅርፊት አልነበራቸውም፣ ቅርፊቱም ከጅራት በኩል ጀምሮ ወደ ፊት እየተስፋፋ ነበር ሰውነታቸውን የሚያለብሰው። ስለዚህ በተለያየ ዕድሜ የሞቱ የአንድ ዝርያ ዓሦች በቀላሉ እንደ ልዩ ልዩ ዝርያ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው አካላቸው ሳይበታተን የተቀበሩ ዓሦችን ማግኘት ነው። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ በማኬንዚ ተራሮች ላይ የሚገኝ አንድ የዴቮኒያን ዘመን መጀመሪያ ሥፍራ በዚህ ረገድ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ሙሉ አካላቸው ስለተገኘ የትኛው ቅርፊት ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደመጣ በቀጥታ ማየት ተችሏል።

ሙሉ አካል በማይገኝበት ጊዜም ቢሆን ትዕግሥት ብዙ ያስገኛል። በ2022 ከቻይና ጉዊዡ ግዛት የቀረበው ፋንጂንግሻኒያ የተባለው እሾሃም ዓሣ 439 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ መልኩ የታወቀው ከሺዎች ከሚቆጠሩ የቅርፊት፣ የእሾህና የአጥንት ስብርባሪዎች ነው። በእነዚህ ስብርባሪዎች ውስጥ አጥንቱ ተመልሶ የተበላበትና እንደገና የተሠራበት ምልክት ታይቷል፤ ይህ በአጥንታም ዓሦች የተለመደ፣ በሻርክ ወገን ግን ያልተጠበቀ ነገር ነበር። ማስረጃው የተገኘው በጥቃቅን ቁርጥራጮች ውስጥ በመሆኑ ሥራው ይበልጥ ያስመሰግናል።

ጥያቄ፦ እነዚህ ዓሦች ምን ይበሉ ነበር? እሾሃቸውስ ከመበላት አድኗቸዋል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጥርስ ያላቸው ኢስክናካንተስን የመሳሰሉት ሌሎች እንስሳትን አድነው የሚበሉ ነበሩ። ጥርስ አልባው አካንቶደስ ደግሞ በስንጥቡ ላይ ባሉት ረጃጅም ዘንጎች ከውኃ ውስጥ ጥቃቅን ምግብ እያጠለለ ይኖር ነበር። እሾህ ለመዋጥ የሚያስቸግር ቢሆንም ፍጹም መከላከያ አልነበረም፤ በ2008 ከዚያው ከሌባህ አካባቢ በቀረበ ጥናት በአንድ የጨው አልባ ውኃ ሻርክ ሆድ ውስጥ ሁለት አምፊቢያን፣ ከአምፊቢያኖቹም በአንደኛው ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ አካንቶደስ ተገኝቷል። በሌላ በኩል በአሜሪካ ካንሳስ በሚገኝ አንድ የድንጋይ ካባ የተገኘ 300 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የአካንቶደስ ዓይን በ2014 ሲመረመር፣ ብርሃንንና ቀለምን የሚለዩት ሁለቱ ዓይነት የዓይን ሕዋሳት ቅርጽ ተጠብቆ ታይቷል፤ ዓሣው ቀለም ይለይ እንደነበረ ይህ ጠንካራ ፍንጭ ነው።

ጥያቄ፦ በመቀሌ አካባቢ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ጣት የሚያህል፣ ላዩ ሸካራ የሆነ እሾህ መሰል ነገር አግኝቻለሁ። የእሾሃም ዓሣ ሊሆን ይችላል? (አንባቢ፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ የአካንቶዲያን ሊሆን አይችልም። በመቀሌ ዙሪያ የሚታየው የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ባሕር በሸፈነው ጊዜ ሲሆን፣ አካንቶዲያን በዚያን ጊዜ ከጠፉ ከ80 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አልፏቸው ነበር። በትግራይ ከዚያ በጣም የሚያረጁት የእንጢጮና የእዳጋ ዓርቢ ድንጋዮች ናቸው፤ እነርሱ ግን በአብዛኛው የበረዶ ግግር ካመጣው ደለልና ከአሸዋ የተሠሩ ስለሆኑ ከእርስዎ የኖራ ድንጋይ ጋር አይምታቱም።

ያገኙት ነገር የባሕር ጃርት እሾህ ወይም በጁራሲክ ባሕር የኖረ የሻርክ የክንፍ እሾህ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መለየት አያዳግትም። የባሕር ጃርት እሾህ ከዚያው ከኖራ የተሠራ ስለሆነ የተሰበረበት ገጽ ለጥ ብሎ በብርሃን ያብረቀርቃል፤ አቋራጩም ክብ ነው። የዓሣ እሾህ ግን ከፎስፌት ስለተሠራ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ወይም ጥቁር መልክ አለው፣ በመሐሉ ክፍት ቦይ ይታያል፣ በጀርባውም በኩል ርዝመቱን ተከትሎ የሚወርድ ጎድጎድ ያለ መስመር ይኖረዋል። አሲድ ጠብ አድርገው እንዳይሞክሩት አደራ እላለሁ፤ ላዩን ያበላሸዋል። በሕግም ቢሆን ቅሪተ አካል ቅርስ ስለሆነ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው በሁለት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያንሡት፣ ያገኙበትን ሥፍራና ከየትኛው የድንጋይ ንጣፍ እንደወጣ ይመዝግቡ፣ የቀረው ክፍል በድንጋዩ ውስጥ ካለም ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አይፈልጡት።